ስምንተኛው ሰው

ኤልበርግ ውስጥ ከአርባ ዓመት በታች የሆነ ሰው ሁሉ የኢርማ ሃቭሊክን ምሳ በልቶ ያደገ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት መስኮት ኋላ ቆማ ስትጨልፍ፣ ማን አተር እንደሚጠላ፣ ማን ዳቦ ደብቆ ኪሱ እንደሚከት፣ ማን ደግሞ ማታ ቤቱ ሳይበላ እንዳደረ ከትሪ አያያዙ ታውቅ ነበር። ላልበላው ምንም ሳትናገር ትደርብለታለች። ጡረታ ከወጣች በኋላም ቢሆን፣ ሆዱ የተገፋ ትልቅ ገበሬ መንገድ ላይ ሲያገኛት ኮፍያውን አንስቶ «ወይዘሮ ኢርማ፣ ዛሬ ምሳ ምንድን ነው?» ይላታል። «ላንተ አተር ብቻ» ትለዋለች። ይህቺው ቀልድ ስንት ዓመት ተቀለደች፤ አንድም ቀን ያረጀች አልመሰለችም።

ሰውን በትሪ አያያዙ የምትለይ ሴት፣ ፕሬዚዳንት ሊሆኑ የሚመጡትን ደግሞ በሁለት ጥያቄ ትለያቸው ጀመር። ነገሩ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው።

በየአራት ዓመቱ ከአገሩ ሁሉ አስቀድሞ እጩ የሚመርጠው ኤልበርግ ያለችበት የአሜሪካ ክፍለ ግዛት፣ አይዋ ነው። ስለዚህ ፕሬዚዳንት መሆን ያማረው ሁሉ ዓመት ሙሉ እዚያ የበቆሎ አገር ሲንከራተት ይከርማል። ሰው ሳሎን ይቀመጣል፣ ሳይርበው ኬክ ይበላል፣ አሳማ እርባታ ውስጥ በአዲስ ቦቲ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። የከተማው ሰውም ለምዶታል፤ እንዲያውም ተሞላቅቆበታል። የኢርማ የልብ ወዳጅ ላቮን አንድ ቀን፣ «ይሄንኛውን ገና ሁለቴ ነው ያየሁት፤ በሁለት ቀን አይቼ እንዴት ብዬ እመርጠዋለሁ?» ብላ አማረረች።

«ባልሽን ስንቴ አይተሽ ነው ያገባሽው?» አለቻት ኢርማ።

«አንዴ። አሁን የምጠነቀቀው ለምን ይመስልሻል?»

ያ ዓመት የኢራቁ ጦርነት አምስት ዓመት ሊደፍን የተቃረበበት ነበር። የኢርማ አንድ ልጅ ኬንት፣ ከክፍለ ግዛቱ ዘብ ጦር ጋር ዘምቶ፣ እዚያ እስር ቤት ጠባቂ ሆኖ አገልግሎ ከተመለሰ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። እጅና እግሩ ሙሉ፣ ጤናው ደህና። ሰው ሁሉ «እንኳን እግዜር በደህና መለሰልሽ» አላት። እሷም «ተመስገን» አለች። እህል ጎተራው ላይ ሥራ ያዘ፣ ከናቱ ጋር ታችኛው ክፍል ተቀመጠ፣ እሁድ እሁድ የደጃፏን በረዶ ይጠርግላታል።

አንዳንድ ነገር ግን ነበር። እጁን ታጥቦ ሲጨርስ ሱሪው ላይ ነው የሚያብሰው። ፀጉር አስተካካዩ ጊል ዘንድ ሄዶ ጢሙን ሲላጭ፣ ጊል እንደ ልማዱ ትኩስ ፎጣ ፊቱ ላይ ሊያለብሰው ሲል፣ ኬንት ከወንበሩ ዘሎ፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ በዚያ ብርድ መንገድ ላይ ወጣ። ጊል ይህን ለሁሉ አወራው። ከተማው ሳቀበት። «እናንተ፣ ኬንት ሃቭሊክ ጥይት አይፈራም፣ ፎጣ ግን ይፈራል» ተባለ። ኬንትም አብሮ ሳቀ።

በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ተበላሽቶ ኬንት ከመታጠቢያው ሥር ተንጋሎ ያጠብቃል። ኢርማ ምድጃው ላይ የድንች ሾርባ ታማስላለች። ፊቱ ሳይታያት፣ እግሩ ብቻ እየታያት፣ ከዚያ ከሥር ድምፁ መጣ።

«እማ፣ እኔ እኮ ፎጣውን ነበር የምይዘው።»

«የምን ፎጣ?»

«ውሃ የሚያፈሱበትን። ሰውየው ፊት ላይ አድርገን።» ብሎኑ ሲዞር ይሰማል። «የሚያፈሱትና የሚጠይቁት ሌሎች ናቸው። ማን እንደሆኑም ስማቸውን አናውቅም። እኔ ሁለቱን ጫፍ ወጠር አድርጌ መያዝ ብቻ ነው። አራት ሰው ነው የያዝኩት። አንደኛው ሽማግሌ ነው።»

ኢርማ ማንኪያውን እንደያዘች ቆመች። እናት እንዲህ ሲባል ምን ትላለች? ብዙ የምትለው ነገር ነበራት። ከአፏ የወጣው ግን፣ «ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ና ብላ» የሚለው ነው።

ኬንት ወጣ፣ እጁን ሱሪው ላይ አበሰ፣ ቁጭ ብሎ በላ። ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አላወራም። እሷም አልጠየቀችውም። በማግስቱ ግን ከወጥ ቤቱ የተሰቀለውን ፎጣ ሁሉ አውርዳ በወረቀት ተካችው። ያየ ሰው «ዘመናዊ ሆንሽ» አላት።

ሁለቱ ጥያቄዎች ከዚያ ቅዳሜ የመጡ ናቸው። ልጇን ያልጠየቀችውን ለአገሩ ትልልቅ ሰዎች ይዛላቸው ዞረች።

ሴናተር ዊትኮም በበጋ ላቮን ሳሎን መጣ። ሰውዬው መልከ መልካም፣ እጅ ሲጨብጥ ክንድም ደርቦ የሚይዝ ነው። ሃያ ሰው ተጣቦ ተቀምጧል። ኢርማ ጣቷን አነሳች።

«ሴናተር፣ ሁለት አጫጭር ጥያቄ አለኝ።»

«እኔን የሚያስፈራኝ አጭሩ ነው» ብሎ ሰውን አሳቀ።

«ጦርነቱ ይጀመር ሲባል እጅዎን አውጥተዋል?»

«በዚያን ጊዜ በእጃችን በነበረው መረጃ...»

«አውጥተዋል ወይስ አላወጡም?»

«አውጥቻለሁ። ዛሬ ቢሆን አላወጣም።»

«እሺ። የታሰረ ሰው ፊቱ ላይ ፎጣ አልብሰው ውሃ እንዲያፈሱበት ይፈቅዳሉ?»

ላቮን የኬኩን ቢላ እንዳነሳች ቀረች። ሴናተሩ ፊቱን ኮስተር አደረገ፤ ለዚህ ጥያቄ የሚያወጣው ፊት አለው። «ወይዘሮ ሃቭሊክ፣ አገራችን ሰው አታሰቃይም። ነገር ግን አንድ ከተማ ውስጥ ቦምብ ተጠምዶ፣ ሰዓቱ እየቆጠረ ነው እንበል። የልጅ ልጆችዎ እዚያ ከተማ ውስጥ ናቸው እንበል...»

«የልጅ ልጅ የለኝም» አለች ኢርማ።

ሰው ሲበተን ላቮን ወጥ ቤት ጎትታ አስገባቻት። «አንቺ ሴትዮ፣ እንግዳዬን በገዛ ሳሎኔ ታሰቃዪዋለሽ?»

«ፎጣ አላለበስኩት።»

«ሰው እኮ ስለ ሕክምናው፣ ስለ በቆሎው ይጠይቃል። ምን ሆነሽ ነው?»

«ኬክሽ ጥሩ ነው። ሁለት ቁራጭ በላልሽ» ብላት ሄደች።

ቤቷ ስትደርስ የምግብ አሠራር ካርዶቿን የምታኖርበትን የቆርቆሮ ሳጥን ከፈተች። ከዳቦና ከሾርባ ካርዶች ኋላ ባዶ ካርድ አወጣችና ጻፈች። «ዊትኮም። ጦርነት፦ እጁን አውጥቷል፣ ዛሬ አላወጣም ይላል። ውሃ፦ ስለ ቦምብ አወራ።» ከደቡብ የመጣው አገረ ገዢም የራሱ ካርድ ነበረው። «ሁለቱንም ‹በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው› አለ። ጥያቄዬን አመስግኖ ሄደ።» እንዲህ እያለ ሳጥኑ ውስጥ ስድስት ሰው ተኛ።

ሰባተኛው ራስል ኦርት ነው። የቀድሞ የምክር ቤት አባል፣ ከሲታ፣ የካፖርቱ አንድ ቁልፍ የተበጠሰ። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በመከር፣ ዝናብ እየጣለ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ለዘጠኝ ሰው ነው የተናገረው። ለጦርነቱ እጁን አላወጣም፤ ይህ የታወቀ ነው። ኢርማ ሁለተኛውን ጠየቀችው።

«አልፈቅድም» አለ።

ኢርማ ጠበቀች። እንደ ሌሎቹ «ግን» እስኪል ጠበቀች። አላለም። ይልቁንም ትንሽ አሰበና ጨመረበት። «ያዘዘውም ያደረገውም ዳኛ ፊት ይቆማል። ሚኒስትሩም፣ ወታደሩም። ያለዚያ ‹አልፈቅድም› ማለቴ ወሬ ነው።»

ሌሎቹ አጨበጨቡ። ኢርማ እጇ ወንበሩን ጨብጦ ስለነበር አላጨበጨበችም። ልቧ ባንድ ጊዜ ለሁለት ተከፈለ፤ ዓመት ሙሉ የፈለገችውን ሰው አገኘችው፣ ያገኘችው ሰው ደግሞ ልጇን ዳኛ ፊት ሊያቆም ነው። ቤቷ ገብታ ካርዱን ጻፈች። «ኦርት። ጦርነት፦ አላወጣም። ውሃ፦ አልፈቅድም።» እዚያ ላይ አቆመች። ካርዱ ቦታ አጥሮት አይደለም፤ ግማሹ ባዶ ነበር።

ኬንት ከኋላዋ ቆሞ ያይ ነበር። «እማ፣ ይሄ ሁሉ ጥያቄ ስለ እኔ ነው?»

«ስለ አገሩ ነው» አለች፣ ሳጥኑን እየከደነች። «አንተን ማን አነሳህ?»

«እሺ» አለ ኬንት። ልጁ ሲያምንም ሳያምንም እሺ ነው መልሱ።

ምርጫው የተደረገው የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እዚያ አገር የፓርቲ እጩ ሲመረጥ ድምፅ በሣጥን አይገባም። የሠፈሩ ሰው አንድ አዳራሽ ይሰበሰባል፤ የዚህ ደጋፊ በዚህ ማዕዘን፣ የዚያ ደጋፊ በዚያ ማዕዘን፣ ጎረቤት ለጎረቤት እየተያየ ይቆማል። ሰው ለሰው ይቆጠራል። የቆመበትን መደበቅ የለም። ጥቂት ሰው ብቻ ያገኘ ማዕዘን ደግሞ ይፈርሳል፤ ሰዎቹ ወይ ሌላ ማዕዘን ይሄዳሉ ወይ ቤታቸው ይገባሉ።

መንገዱ በበረዶ መስታወት ሆኖ ስለነበር ኬንት በጭነት መኪናው ወሰዳት። ጭኗ ላይ የኮላች ትሪ ይዛለች። ኮላች የአያቶቿ አገር ጣፋጭ ዳቦ ነው፤ መሐሉ ላይ የፕሪም ማርማላታ ይደረግበታል። ማዕዘኑን ሰው እንዲወደው ጣፋጭ ይዞ መምጣት የቆየ ልማድ ነው። «አንተ መኪና ውስጥ ትቆየኛለህ ወይስ ትገባለህ?» አለችው።

«ብርድ ነው። እገባለሁ።»

አዳራሹ ያው የድሮው የትምህርት ቤቱ ነው፤ ቀን የምሳ ቤት፣ ማታ የቅርጫት ኳስ ሜዳ። የወጥ ቤቱ መስኮት ተዘግቷል። ኢርማ ስታልፍ እጇን ሳታስበው መዝጊያውን ነካ አደረገችው። በር ላይ ስም የሚመዘግበው ሰብሳቢው ዱዌይን ነው፤ የዘር ነጋዴ፣ እሷው አብልታ ያሳደገችው። «ኬንት፣ አንተም ጻፍ እንጂ። መንገድ ጠራጊ ሆነህ ነው የመጣኸው?» አለ። ኬንት ስሙን ጻፈ።

ሃምሳ ሁለት ሰው ሆኑ። ዱዌይን ደንቡን አነበበ። «ለሃምሳ ሁለት ሰው፣ አንድ ማዕዘን ቢያንስ ስምንት ያስፈልገዋል። ከስምንት በታች የሆነ ይፈርሳል። በሉ፣ ቦታ ቦታችሁን ያዙ።»

ወንበር ተንኳኳ፣ ቦቲ ተንፋቀቀ። በሴናተሩ ማዕዘን፣ ጊል ፀጉር አስተካካዩ እንደ ትራፊክ እጁን እያወናጨፈ ሰው ሰበሰበ፤ ሃያ አራት ሆኑ፣ ላቮንም እዚያ ናት። የአገረ ገዢው አሥራ አምስት። ያልወሰኑ ስድስት ሰዎች ከቅርጫቱ ሥር ቆሙ፤ አንዱ ኬንት ነው። በኦርት ማዕዘን፣ ከኢርማ ጋር ሰባት ሰው።

ዱዌይን ቆጠራቸው። እየዞረ እንደገና ቆጠራቸው፤ ለእሷ ብሎ ነው። «ሰባት ናችሁ፣ ወይዘሮ ኢርማ። አንድ ሰው ይጎድላል። ግማሽ ሰዓት አላችሁ፣ ሰው ፈልጉ።»

አቤት ያቺ ግማሽ ሰዓት። ጊልና የአገረ ገዢው ሰዎች በቅርጫቱ ሥር ያሉትን ስድስቱን ከበቧቸው። «ና ወዲህ፣ የሚስቴ የፖም ኬክ አለልህ።» «አንተ ደግሞ፣ አባትህ ቢያይህ ምን ይል ነበር?» «ባለፈው ትራክተርህን ማን ነው የጎተተልህ?» አንዱ ሄደ፣ ሁለተኛው ሄደ። ኢርማም አንዲት ወጣት ነርስ አናግራ ነበር፤ ልጅቷ ኮላች በላች፣ እጇን ላሰች፣ ወደ ሴናተሩ ሄደች። ሲያልቅ ከቅርጫቱ ሥር ኬንት ብቻውን ቀረ።

«ወይዘሮ ኢርማ፣ ልጅሽ እኮ ነው። ጥሪው» አሏት ከማዕዘኗ።

«አልጠራውም። ማንም እንዳይጎትተው» አለች።

አይኗን ግን ከሱ ላይ ማንሳት አቃታት። ኬንት መጀመሪያ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ካፖርቱን ከወንበሩ ላይ አነሳ፣ ኮፍያውን ያዘ፣ በሩ ወዳለበት አቅጣጫ ዞረ። የኦርት ማዕዘንም በዚያው በሩ አጠገብ ነው።

ዱዌይን «ከመጨረሻው ቆጠራ በፊት፣ አንድ ደቂቃ መናገር የሚፈልግ አለ?» አለ።

ኢርማ ካፖርቱን አየች። ሊሄድ ነው አለች በልቧ። ሊወጣና መኪናው ውስጥ ሊቀመጥ ነው። አንድ ሰው ብቻ ነው የጎደለው፤ ዓመት ሙሉ የለፋሁበት ባንድ ሰው ሊፈርስ ነው። ከሌላው ማዕዘን አንድ ሰው ልቡ ቢነካ ይበቃል። እጇን አነሳች።

«እኔ ንግግር አላውቅም» አለች። «ግማሻችሁን አብልቻለሁ፣ ስለዚህ አንድ ደቂቃ ብትታገሡኝ አይበዛብኝም።»

ሰው ሳቀ። ሳቁ አደፋፈራት፤ ክፉው ነገር ይሄ ነው።

«ሁሉንም ሁለት ነገር ጠይቄአቸዋለሁ፤ ታውቃላችሁ፣ አሰልችቻችኋለሁም። ጦርነቱንና ውሃውን። ሁሉም ሲያሽሞነሙን ኦርት ብቻ ነው አልፈቅድም ያለኝ። ይሄ ነገር ለእናንተ የሩቅ አገር ነገር ይመስላችኋል። ሩቅ አይደለም። እዚህ ቤት፣ በዚያ መስኮት፣ ከእጄ ምሳ ተቀብሎ የበላ ልጅ ነው ፎጣውን የያዘው። ክፉ ልጅ አይደለም። ያዘዙት ዛሬ ኬክ ይበላሉ፤ እሱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ፊቱን ፎጣ...»

እዚያ ላይ ቀጥ አለች። ግን የወጣው ወጥቷል።

መጀመሪያ የዞረው ጊል ነው። ያ ግማሽ ፊቱ አረፋ የሆነ ሰው ትዝ ብሎት፣ ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ በሩ አዞረ። ከዚያ ላቮን ዞረች። ከዚያ ሃምሳው ሰው። ማንም ክፉ ፊት አላሳየም። ሁሉም የሐዘን ቤት ፊት ነው ያሳዩት።

ኬንት ከበሩና ከኦርት ማዕዘን መሐል፣ ከናቱ አራት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዟል። ከዚያ ኮፍያውን አደረገ፣ ወጣ፣ በሩ እንዳይጮህ በእጁ ይዞ ዘጋው።

«ደቂቃው አልቋል፣ ወይዘሮ ኢርማ» አለ ዱዌይን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የመጨረሻው ቆጠራ በየተራ ጮክ ብሎ ቁጥር መጥራት ነው። የሴናተሩ ማዕዘን ሃያ ሰባት አለ። የአገረ ገዢው አሥራ ሰባት። ከኦርት ማዕዘን «አንድ»፣ «ሁለት» እያለ መጣና፣ ሰባተኛዋ ኢርማ ነበረች። «ሰባት» አለች። ከሷ ቀጥሎ ግድግዳው ነው። ዱዌይን ቁጥሩን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ አንድ ሰው ቢመጣ ብሎ ነው።

ማዕዘኑ ፈረሰ። ስድስቱ ሰዎች ትከሻዋን እየነኩ ወደ ሌሎቹ ሄዱ። ላቮን አዳራሹን አቋርጣ መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ነይ ከኛ ጋ ቁሚ። ቆመሽ ብቻሽን አትቅሪ።»

«ቦምብ የሚያወራውን ሰውዬ ጋ?»

«ኢርማ፣ ነይ በናትሽ። እኔ ጋ ቁሚ፣ እሱን ተይው።»

«ትሪውን በኋላ ታመጪልኛለሽ» አለቻትና ካፖርቷን ለበሰች። ዱዌይን የትም አልጻፋትም።

መኪናው ሞተሩ በርቶ፣ ሙቀቱ ተከፍቶ ቆሟል። ኬንት ከውስጥ እጁን ዘርግቶ በሩን ከፈተላት። ጥቂት ሄዱ። ቀዩ የትራፊክ መብራት ሲይዛቸው፣ ባዶ መንገድ ላይ፣ ኬንት ቆመ።

«መጥቼ ነበር እኮ» አለ።

«ወዴት?»

«አንቺ ጋ። ካፖርቴን አንስቼ ልመጣ ነበር። አላየሽም?»

«የምትወጣ መስሎኝ...»

«እሱ ሰውዬ ዳኛ ፊት ይቆማል ያለውን በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ። ካርድሽ ላይ ግማሹን ነው የጻፍሽው። ሙሉውን ሰምቼ ነው ልመጣ የነበረው።» መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ አልነዳም። «አስቤበት ነው፣ እማ። ሰው ሁሉ እያየኝ ስምንት ልል ነበር። ሌላ ምንም ሳልናገር። እኔ አውቄ።»

«ይቅር በለኝ።»

«ሁሉንም ጠየቅሽ። ሴናተሩን፣ አገረ ገዢውን፣ የመጣውን የሄደውን ሁሉ። እኔን አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም። የነገርኩሽ ቀንም ሾርባ ብላ ነው ያልሽኝ።»

መብራቱ እንደገና ቀላ።

ከተማው ኬንትን ቢጠላው ይሻል ነበር። አልጠላውም። አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረውም። እህል ጎተራው ላይ ትልልቅ ሰዎች ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ «የታዘዝከውን ነው ያደረግከው» አሉት። አንዱ ጭራሽ «እኔ ብሆን ባልዲውን ራሱ ነበር የማፈሰው፤ ደግ አደረግክ» ብሎ ሊጋብዘው ፈለገ። ጊል ቤቱ ድረስ መጥቶ «ፎጣውን ትቼዋለሁ፣ ና ፀጉርህን ላስተካክልህ» አለው። ኬንት ለሁሉም እሺ አለ። ፀጉሩ ግን ትከሻው ደረሰ። በረዶው ሲቀልጥ፣ ሰሜን የነዳጅ ጉድጓድ ሥራ አገኘሁ ብሎ ልብሱን በሁለት ሻንጣ ከቶ ሄደ። አድራሻ ሲኖረኝ እደውላለሁ አለ።

ከምርጫው በፊት የኢርማ ስልክ በቀን አሥር ጊዜ ይጮኽ ነበር፤ የዊትኮም ሰዎች፣ የአገረ ገዢው ሰዎች፣ የኦርትም አንዲት ልጅ። ምርጫው ባለፈ በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ተጠራርገው ወደ ቀጣዩ ክፍለ ግዛት ሄዱ። ስልኩ ባንድ ቀን ዝም አለ። ኦርት በሳምንቱ ተሸንፌያለሁ ብሎ ወጣ። አንድ ደብዳቤ ላከላት፤ ፊርማው የማሽን ነው። ኢርማ ያን ደብዳቤ ሳጥኑ ውስጥ ከካርዱ ጋር አኖረችው። አዲስ ካርድም አወጣች፤ «ኬንት» ብላ ጻፈችበት፣ ከሥሩ «ውሃ» ብላ ሁለት ነጥብ አደረገች። የጥያቄውን መልስ አታውቀውም። ካርዱ እንደዚያው ነው።

ኬንት በየገናው ይደውላል። ደህና ነኝ ይላል፣ ብርድ ነው ይላል፣ አንቺስ ይላል። አንድ ጊዜ፣ በሁለተኛው ዓመት ገና፣ ኢርማ ትንፋሿን ሰብስባ «ልጄ፣ ልጠይቅህ?» አለችው። ከወዲያ ብዙ ዝምታ መጣና፣ «አሁን ይቅር፣ እማ። ሰው አጠገቤ አለ» አላት። ሰው አለመኖሩን ከዝምታው አወቀችው።

አራት ዓመት አለፈና የምርጫው ሰሞን ተመለሰ። አንድ የመከር ከሰዓት ስልኩ ሲጮኽ ኢርማ ጓሮ ቅጠል ትሰበስብ ነበር። ጉልበቷ እንደ ድሮው ባይሆንም ሮጠች፤ ኬንት በዚህ ወር ደውሎ አያውቅም፣ ቢሆንስ ብላ። ስታነሳው አንዲት ድምፀ ቀጭን ልጅ ናት።

«ወይዘሮ ሃቭሊክ? እንዴት ዋሉ? አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቅዎ። ፕሬዚዳንት ሲመርጡ ከሁሉ አስበልጠው የሚያዩት ጉዳይ ምንድን ነው?»

ኢርማ የስልኩን ገመድ ጣቷ ላይ ጠምጥማ ቆመች። ከመስኮቱ በታች፣ ፎጣ ይሰቀልበት የነበረው ሚስማር ባዶውን ነው።

«ልጄ» አለቻት፣ «መስመሩን አትያዢብኝ። የሚደውልልኝ ሰው አለ።»